ጥያቄ ሠላሳ ሰባት

ጀልባው ሳይቆም ገና ጭቃው ያዘኝ እግሬን፣
በላስቲክ ጠቅልዬ ታብሌቴን፣ ቁጥሬን፣
ደረስኩ ከደጃፏ፤
ቤት ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
"ማሎቲ ጋይን?" አልኩኝ።
መረብ ትጠግናለች።
ጨው የበላው ማጠፊያ፣ ጨው የበላው በር፣
ጨው በበላው እጇ መርፌው ብቻ ነበር
የሚያብረቀርቀው።

"መልስሽ ምስጢር ነው፤ ስምሽ አይወጣም" አልኳት እንደ ደንቡ።
ሳቀች።
"ስሜንማ አውጪው፤ ተደብቆ ምን ሠራልኝ?"

የቤተሰብ ብዛት፣ የጣሪያው ዓይነት፣ የከብት ቁጥር።
"ላሟ ሞተች።"
"መቼ?"
"ሣሩ ሲያልቅ።"
ሣሩ ያለቀበት ቀን ከምርጫው የለም፤
በግምት ሞላሁት።

ደረስን ሠላሳ ሰባት፦
የአየር ንብረት ለውጥ ኑሮሽን ምን ያህል ጎዳው?
ከአንድ እስከ አምስት። አንድ ጥቂት ነው፤ አምስት እጅግ በጣም።
ዝም አለች። ተነሣች።
ከኩሬው በጣሳ ቀድታ መጣች፤ "ጠጪ" አለችኝ።
ጠጣሁ።
እንባ እንባ ይላል ልል ነበር፤ እሱ የግጥም ነው።
ኩሬ ነው። ኩሬ ነው የጠጣሁት።
"እሺ፣ ስንት ሆነ?" አለችኝ።

ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ተብሎ ተመከረ፤
እዚህ ግን ጣፈጠ፣ ጣፈጠ፣ ሩዙን አሳረረ፤
ድንጋይ ነህ ብሎ አንሥቶ
የሚወረውረው ሰው ጠፋ።

"ባሕሩ ብቻውን አልመጣም፣ ልጄ።
ማዕበሉስ እንግዳ ነው፤ ሦስት ቀን አድሮ ሄደ።
ግድቡን በሌሊት የቀደደው ሰውዬ ግን፣
ለሽሪምፕ እርሻው ብሎ ጨዉን የለቀቀብን፣
ይኸው ሃያ ዓመቱ፤ አልሄደም።
ለእሱስ ጥያቄ አለሽ?"
ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ወረድኩ። የለኝም።
"ሌላ" የምትል ሳጥን አለች፤ አሥራ ሦስት ፊደል ትይዛለች።
ሰውየው በሌሊት በሩን
ብዬ ስጽፍ ሞላች።
ማሰሪያ አንቀጹ ውጭ ቀረ፤
ሰውየውም እንደዚያው፣
ሳይታሰር።

ስነሣ፣ ከጣሪያው ወራጅ የተንጠለጠለ ገንቦ አየሁ፤
የዱባ ሐረግ ወጥቶበታል፤ ሥሩ ምድር ነክቶ አያውቅም።
"ስትመለሺ" አለችኝ፣ "አፈር ስሆን፣ ጥያቄ አታምጪ።
ከላይ አገር፣ ጨው ካልደረሰበት፣
አንድ ከረጢት አፈር።"

በዳካ ስብሰባ ሆነ፤ አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ ምንጣፉ ወፍራም።
"የመቋቋም አቅም" ይላል ስክሪኑ፤
እንደ ግድግዳ እንጂ እንደ ሰው አይልም።
ማሎቲ በሠንጠረዥ አራት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ገባች፤
ከነጥብ በኋላ ያለች አሃዝ ሆና።
ጭብጨባ።
ምሳ ላይ ሽሪምፕ መጣ፣ በሎሚ ተጠብሶ፣
ጭራውን ሽቅብ አድርጎ።
አወቅሁት።
አልበላሁም ብል ደስ ባለኝ፤ ሁለት በላሁ፤ ርቦኝ ነበር።
ከጎኔ የተቀመጠው እንግዳ ቀመሰና
"ጨው አንሶታል" አለ።

ሒሳብ ሹሙ መዝገቡን ገለባብጦ
"አፈር የሚባል የበጀት መደብ የለም" አለኝ፤
አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
"የጽሕፈት ዕቃ ብለሽ አምጪው።"

ራጅሻሂ ሄድኩ፤ ከአባቴ ማንጎ ሥር ቆፈርኩ።
አባቴ ቆሞ አየኝ፣ አልጠየቀኝም፤
ዶማውን ተቀብሎ ጥልቅ ጥልቁን፣ ጥቁር ጥቁሩን ዛቀልኝ።
ጣቶቼ መሐል ትል ተጥመለመለ። እሱንም አልጣልኩት።

በመርከቡ መግቢያ ተቆጣጣሪው ከረጢቱን ዳበሰ።
"ምንድን ነው?"
"የጽሕፈት ዕቃ።"
አነሣው፤ አስቀመጠው፤ እጁን በሱሪው ጠረገ።
"ይከብዳል" አለ።
"ይከብዳል" አልኩት።
እንደ አንድ ሰው አስከፈለኝ።