ከአራት ነጥብ በኋላ

ብራስልስ ያካፋል፤ ኅዳር ተጋምሷል፣
የሕግ ጎዳና ላይ አስፋልቱ ረጥቧል።
ስድስተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ነቅቷል፣
ከመስኮቱ ኋላ አንድ ወገብ ጎብጧል።
ጎደሊቭ ትባላለች፤ ስንቱ መሪ መጥቶ ስንቱ ሲለወጥ
እሷ ነች አንዱን ነጥብ ከሌላው ነጥብ የምታስበልጥ፤
ምኑ በቀን ይነሣ፣ ምኑ ይደር ለሌት፣
ምኑ ከሾርባ ኋላ፣ ምኑ ከሾርባ ፊት።
የመሪ ሆድ ሲሞላ ጆሮው እንደሚተኛ
ሠላሳ ዓመት ታዝባለች፤ ምስክርም እሷ፣ ዳኛ።

ጥር ላይ ጡረታ ትወጣለች።
ይህ የመጨረሻዋ ነው፤ ለማንም ግን አልነገረች።

ከአንድ ዋና ከተማ ስልክ መጣ፦
«የኛ ጉዳይ ከዓሣ ኋላ ከሆነ
መሪያችን ጉንፋን ይይዘዋል።»
ጉንፋኑን በማስታወሻዋ ጻፈች፤ ሦስተኛው ጉንፋን ነው በዚህ ሳምንት።

ረቂቁ አራተኛው ነው፤ ዳር ዳሩ በቀይ ቆስሏል።
አንደኛው ነጥብ ‹መከላከያ›፤ እሱ እንኳ በጊዜ አልፏል።
ሁለተኛው ‹ድንበር›፤ እዚያ ላይ አንድ ግሥ በቅንፍ ታስሯል።
መሪዎቹ ‹ይወስናሉ› ይል ነበር መስከረም ላይ፤
ሃያ ሰባት አምባሳደር ተቀምጦ ሲያይ ሲያይ
‹ይመክራሉ› ሆነ። ማክሰኞ ማታ ደግሞ፣ ሳንድዊቹ ካለቀ ወዲያ፣
‹ልብ ይላሉ›።
ልብ ማለት ደግ ነበር፣
ልብ ያለው ቢገኝ።

ሦስተኛው ‹በጀት›፤ እሱን ደፍሮ የሚያወርድ የለም።
አራተኛው ‹ንግድ›፤ ያለ እሱ ማንም አይሳፈርም።
አራት ነጥብ።
በእኔ ፊደል ዐረፍተ ነገር እዚህ ላይ ይዘጋል፤
ከአራት ነጥብ በኋላ የቀረ ቃል የት ይገባል?

የቀረው ቃል አንድ ወንዝ ነው።
መስከረም ላይ ሦስተኛ ተብሎ ነበር በወጉ፤
ጥቅምት ላይ አምስተኛ፤ ቀጥሎ የገጹ ግርጌ፣ ጥጉ፤
ትናንት ‹ልዩ ልዩ› ውስጥ ጣሉት፣
ካፖርት ደርበው፣ ሰዓት እያዩ፣ ቆመው የሚሰሙት።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ በሩ ተንኳኳ።
ስመራንዳ ናት፣ ከሮማንያ ልዑክ፤ ትከሻዋ በዝናብ ርሷል፤
ለምኚ ብለው ልከዋታል፣
ልመና ግን አታውቅበትም።
ከቦርሳዋ የወንዝ ዛጎል አውጥታ ረቂቁ ላይ አኖረች።
«ይሄ አምና ሁለት ሰው ቁመት ውኃ ሥር ነበር» አለች።
«ዳንዩብ ሸሸ። የመንደራችን ጀልባ አርባ ቀኑ ጭቃ ላይ ከተኛ፤
ትምህርት ቤት ማዶ፣ ሐኪም ማዶ፣ ወዲህ ማዶ እኛ።»

ጎደሊቭ ሰዓቷን አየች።
«ደንብ ደንብ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይላካል፤ አምስተኛ ነጥብ አልከፍትም።»
ልጅቷ ወጣች። ዛጎሉን አላነሣችም።

ዛጎሉ ቀረ፣ ወረቀቱን ተጭኖ፤
ቢሮው ጭቃ ጭቃ ሸተተ፣ ድንገት ገጠር ሆኖ።
እሷም የወንዝ ዳር ልጅ ናት፤ ስኬልት ዳር ነው ያደገች፤
ይህን ለራሷ ከነገረች ብዙ ዘመን አሳለፈች።

ነጥቦቹን አልነካችም። የራቱን ዝርዝር ሳበች፦
አማካሪ የማይገባበት፣ ስልክ የሌለበት፣ በሩ የሚዘጋበት ሰዓት።
ሾርባ፤ ከዚያ ዓሣ፤ ከዚያ አይብና ፍሬ።
«ዓሣ ከየት ይመጣል?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ እንደ ወሬ።
በሾርባና በዓሣ መካከል፣ በጠባቧ ባዶ መሥመር
አንድ ቃል ጻፈች፦ ወንዝ
አራት ነጥብ አላደረገችበትም።

ሐሙስ ማታ ዓሣው ዘጠኝ ደቂቃ ቀዘቀዘ፤ ይህን ያወራው አስተናጋጁ ነው።
ዘጠኝ ደቂቃ ወንዝ አይሞላም። ምን እንደ ተባለም አላውቅ፤
መግለጫው ያው ‹ልብ ይላሉ› ነው የሚለው።
ግን አንዲት መሪ፣ ሹካዋን ሳታነሣ፣
ጠየቀች አሉ፦ ታዲያ ልጆቹ በምን ይሻገራሉ