የሌዳሞ ፊልም

ሐኪሙ ፊልሙን ከፖስታው አወጣ፣
መብራት ስለሌለ ወደ መስኮት መጣ።
መስታወቱ ላይ ደግፎ በእጁ፣
«እዪው» አለኝ፣ «ይኸው፤ ይኼ ነው የልጁ።»

የወንድሜ አንጎል፤ እንደ ዳቦ ተቆርሶ፣
በስሱ በስሱ፣ ግራጫውን ለብሶ።
ከጀርባው ሐይቁ ነበር፤ አንዲት የዓሣ ጀልባ
በሌዳሞ ግንባር ወጥታ፣ በጆሮው ስትገባ
አየኋት።

«መሐል ላይ ያለው ጥቁሩስ?» አልኩት።
«ውሃ ነው፤ ሁላችንም ውስጥ አለ።
የእሱ ክፍሎች ግን ትንሽ ሰፍተዋል፤
ዙሪያውን ያለው ግራጫውም
ለዕድሜው ሳስቷል።»

ትንሽ። በጥፍሩ ጫፍ ለካልኝ።
እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፤
ውሃ «ትንሽ» ሲል አውቃለሁ፤
ካቻምና የሐመሶን አጥር፣ አምና የሹናን ደጅ
ትንሽ ትንሽ እያለ ሲወስድ አይቻለሁ።

በአባ ኮዳዎቹ ነው የጀመረው።
አሞራ ገደል፣ ጠዋት፣ ዓሣ ሲገፈፍ፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው
ቆመዋል ከሰው ጋር በሰልፍ።
ሌዳሞ ቢላዋውን አስቀመጠ።
«እየጻፉ ነው» አለኝ።
«ምኑን?»
«የዋልኩበትን። ማታ ለሬዲዮ ይሰጡታል።»
ሳቅሁ።
ከልቤ ነበር የሳቅሁት፤ ቀልድ ያውቅ ነበራ።

ከዚያ የባጃጁን መስታወት በፕላስተር ለጠፈ፤
ጆሮው ውስጥ ሳሙና ጠቀጠቀ፤
ዓሣ መብላት ተወ፣ ዓይኑ ያያል ብሎ።
እናታችን ጸሎት ቤት ሦስት ሌሊት አደረች፣
ጎረቤት ጋንጃ ነው አለ፤ አክስቴ ግን
ስለ አጎታችን ስለ ቃሬ አነሳች፦
ጭስ የሚባል ያልቀመሰ፣
ጓሮው ካለው እንሰት ጋር ሲሟገት አርጅቶ፣
አንድ ቀን ተረትቶ የሞተ።

«ጋንጃው ነው?» አልኩት ሐኪሙን።
መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መለሰ።
«በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ አንጎሉ ገና ሳይረጋ አጨሰ።
ዘሩም ውስጥ አለ።
የትኛው እንደቀደመ ፊልም ላይ አይነበብም፤
እሳቱን ማን እንደለኮሰው አመድ አይናገርም።
ብዙዎች ያጨሳሉ፣ ምንም አይሆኑም።
አንዳንዱ ግን…»
ቀሪውን በጣቱ አሳየኝ፣ መስኮቱ ላይ።
«ማን ነበር ያስጀመረው?»
«አላውቅም» አልኩ።

ታቦር ተራራ ላይ ነበር፣ የዝናብ ማግስት፤
የስምንተኛ ክፍል ውጤቱ የመጣ ዕለት።
በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ፣
የሂሳቡ ቁጥር ከነመስመሩ ይታያል፤
ምንተስኖት ነው የሰጠኝ።
እኔ ነኝ የለኮስኩት።
«ሳብ፤ አትፍራ፤ እኔ አለሁ» ያልኩት።
እኩል ሳብን፣ እኩል አሳለን፣
በአንድ ፍየል ላይ እኩል ሳቅን እስኪያመን።
እኔ ወርጄ ራቴን በላሁ።
ኮሌጅ ጨረስኩ፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነኝ፤
ከእስሩ አንዲት ብር ብትጎድል ጣቴ ይነግረኛል።
እሱ እስከ ዛሬ አልወረደም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዝም አለ።
መርፌው ምላሱን ያከብድበታል፤
እጁ ግን፣ ቢንቀጠቀጥም፣ መረብ ይጠግናል፤
አንዳንዴ ቀዳዳውን ከመረቡ ዓይን ይለያል፣
አንዳንዴ ሁሉንም ይደፍናል።

ፒያሳን እንዳለፍን ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።
«ዱካሌ።»
«ወዬ።»
«ድምፆቹ ይጠይቁኛል። ሴትዮዋ በተለይ አትተኛም።
‹ተራራው ላይ ማን ነበር? ማን ሰጠህ?› ትለኛለች።»

ሹፌሩ ጉድጓድ ሲስት ፖስታው ከጭኔ ወደቀ።
ጎንበስ አልኩ፤ ቶሎ አልተነሳሁም።

«አልነገርኳትም» አለኝ ከላዬ።
«አይዞሽ።»