ሊ

ግሪምስቢ፣ ወደቡ ዳር፣ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ፣
እጄ በበረዶ ደንዝዞ፣ ቢላዬ አጥንት ሲመርጥ፣
የሙከራዬ ሁለተኛ ሳምንት ሲያልቅ፣ ዐርብ ማታ፣
ኪት ወረቀት አቀበለኝ፣ ጣራ ጣራውን እያየ ለአፍታ።

አንዲት መስመር ናት ያለችበት።
አውቶብስ ውስጥ ብረት ይዤ፣ ቃል በቃል ነጣጥዬ ፈታሁት፦
«ሺ» እሷ ናት፤ እኔው ነኝ።
«ወርክስ» ትሠራለች ነው፤ ይኸም አላስቸገረኝ።
«ሀርድ» ጠንካራ፣ ብርቱ፤
ለድንጋይም ለትጉህ ሰውም ይኸው ነው ስሙ በቤቱ።
ከኋላው ግን ጭራ አለች፣ «ሊ» የምትል፣
ከዓሣ ክንፍ የቀጠነች፣ የጥፍሬን ግማሽ የምታህል።
ጭራ ምን ያመጣል ብዬ
አለፍኳት፣ እንደ ኩሬ ዘልዬ።

ኬክ ገዛሁ፣ ባለ ክሬም፣ ሦስት ፓውንድ ከሃምሳ፤
ሊድስ ደወልኩ ለእቴነሽ፣ ከእንቅልፏ እንድትነሣ።
«ብርቱ ሠራተኛ ተባልኩ!» እልልታዋ ስልኩን ሰነጠቀው፣
ከግድግዳዋ ማዶ ያለውን ጎረቤት ሳይቀር አነቃው።

ኖርማን ከታች ፎቅ ይኖራል፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
አይስላንድ ባሕር ላይ ነው ያለቀ ወጣትነቱ።
ቁራሽ ኬክ ወሰድኩለት፤ ወረቀቱንም ሰጠሁት።
አነበበ። ደገመው። ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ ሲያኖራት ሰማሁት።
«የኔ ልጅ፣ ይቺ ሊ ከገባች፣ ቃሉ ጀርባውን ይሰጣል፤
ሰውዬው ስለ ብርታትሽ አልጻፈም፤ እምብዛም አትሠራም ብሏል፤
‹ጭራሽ› ሊል ፈልጎ፣ አፍሮ በሩ ላይ የቆመ ይመስላል።»

ክሬሙ አፌ ውስጥ ደረቀ።

ሌሎቹንም ነገረኝ፣ የመረብ ቀዳዳ እንደሚቆጥር እየቆጠረ፦
«ቤርሊ» ራቁቱን ደረሰ ነው፤ ልብሱ መንገድ ላይ የቀረ።
«ኖት ኳይት» ጨዋ ናት፤ ፈገግ ብላ በሩን ትዘጋለች፤
ስትዘጋም፣ ጣትሽ እንዳይቀረጠፍ፣ ቀስ ትላለች።
«ኒርሊ» ላይ ሲደርስ ግን አልቀጠለም።
መስኮቱን አየ። መስኮቱ ላይ ከዝናብ በቀር ምንም የለም።

«ወንድሜ ሮይ ከመርከቡ ሲወድቅ፣ እኔ ነኝ ገመድ የጣልኩለት፤
ኒርሊ ያዘው» አለኝ። ዝም። የወተት ሻዩ ቆዳ አወጣበት።

በቋንቋዬ ልመልሰው ሞከርኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በሆዴ፦
«ገመዱን ሊይዝ ምንም አልቀረውም።» እንዲህ ማለት ነው ልማዴ።
ምንም አልቀረውም! ስንት ጊዜ ብያለሁ፣ ሳላደምጠው፤
ምንም ያልቀረው ሰው፣ እሱ ራሱ ቀረ፤ ባሕሩ ነው የዋጠው።

የእኛም ሊ አለች ለካ፤ ከፊት ናት እንጂ ከኋላ አይደለችም፤
ሊደርስ፣ ሊይዝ፣ ሊድን፦ ግሡን ትመራለች፣ አታስገባውም።
የእነሱዋ ጭራ ይዛ ትጎትታለች፤ የእኛዋ ደጅ ላይ ቆማ
«ቆይ» ትላለች፤ እንግዳውም እዚያው ያረጃል፣ ይስማማም አይስማማ።
ሞላ ስንልም «ከሞላ ጎደል» ነው፤ ጉድለቱን አብረን እንሰፍራለን፤
ስንደርስም «እንደ ምንም» ነው፤ ደርሰን፣ ምንምን እንመስላለን።

ሰኞ ማለዳ ኪትን አገኘሁት፣ ከበረዶው ማሽን ዳር።
«ያቺን ጭራ ልቁረጣት?» አልኩት።
ገባው መሰለኝ፤ ጆሮው ቀላ፤ ጀመረ ባዶ ሣጥን መደርደር።

ሦስት ሳምንት ሠራሁ። እጄ ተሰነጠቀ፣ ጠገገ፣ ተሰነጠቀ።
አዲስ ወረቀት መጣ፤ «ኒርሊ ዴር» ይላል፤ የኪት ፊርማ ደመቀ።
«ልትደርስ ነው» ብዬ ፈታሁት፤ ሴት ነኝና ሊ ወደ ል አጠረች።
እንግሊዝኛውን ደግሜ አየሁ። ጭራዋ እዚያው አለች።

ኬክ አልገዛሁም። ደረጃውን ወርጄ ለኖርማን አነበብኩለት።
«ኒርሊ» ስል ዓይኑን ጨፈነ፤ ዝናቡ መስኮቱን መታበት።
ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤
ጥርሱን የዘፈዘፈበትን ብርጭቆ በዳበሳ ፈለገው፤

ሊስቅ ምንም አልቀረው።