ያጸዳል

ታርቱ ውስጥ፣ በጥር ወር፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤
የኤማዮጊ ወንዝ ቆሟል፣ በረዶ ደረቱን ይዞታል።
ኡርቬ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ካልሲዋን ማሞቂያው ላይ አስጥታ፣
ከጠዋት ጀምራ አንዲት መስመር ታያለች፣ አንገቷን ደፍታ።

መስመሯ አጭር ናት፤ እንዲህ ትላለች፦
“ይህ ትእዛዝ ማኅደርዎን በቀላሉ ያጸዳል።”
ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካት ኖራለች።

መቼም መመሪያ የሚያነብ ሰው በደኅና ቀን አይገኝም፣
ቤቱ እስኪቀጣጠል ድረስ ጉድጓዱ የት እንዳለ አይጠይቅም።

ታዲያ ደብዳቤ መጣ፣ ከሳሬማ ደሴት፣
ቫይኬ ከምትባል፣ የድንጋይ ሽበት ከምታጠና ሴት።
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በባሕሩ ዳር እየዞረች፣
የአለቱን ሽበት ስትለካ፣ ስትመዘግብ ከረመች።
ማኅደሯ ተዝረክርኮ፣ አሮጌ ፋይል በዝቶባት፣
“ያጸዳል” የሚል አገኘች፤ ጽዳት ማን ይጠላል? ደስ አላት።
ቁልፉን ተጫነች።
ጸዳ።
አሥራ አንዱም ቀን አብሮ ጸዳ።

“ስድብ አልጽፍም” ትላለች በደብዳቤዋ ማብቂያ፣
“ቤቴን ስጠርግ ግን ልጄን አብሬ አልደፋም፤ እናንተ ዘንድ መጥረጊያ
ማለት ምን ማለት ነው? እሱን ብቻ ንገሩኝ።”

ኡርቬ ሦስቴ አነበበችው። ሻይዋ ቀዘቀዘ።
መጀመሪያ “በቀላሉ” የሚለው ተሰረዘ።
“ለማን ነው የሚቀለው?” አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፤
“የሚያውቅ ሰው አያነበው፤ ያላወቀው ደግሞ ይፈር?”

ከዚያ ግሱ ላይ ቆመች።
“ያስወግዳል” ብትል፣ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ደረቀባት፤
“ያነሣል” ብትል፣ አንሥቶስ የት ያኖራል? የሚል ጥያቄ መጣባት፤
“ይጥላል” ብትል፣ የተጣለ ነገር ደግሞ ይለቀማል፣
ቅርጫት ውስጥ ያለ መስሎት ሰው ነገ ሊፈልግ ይመጣል።

እኔም ልከራከር ዳዳኝ፣ ወንበሬን ወደሷ ስቤ፦
“ሰው ታስደነግጫለሽ፣ ለስለስ አድርጊው ኡርቬ።”
“ይደንግጥ” አለች። “አሁን ይደንግጥ፣ ጣቱ ሳይወርድ፤
ከተጫነው በኋላማ ድንጋጤ ምን ሊፈይድ?”

በመሣሪያችን ውስጥ አንድ ትእዛዝ አለ፣
የእያንዳንዷን መስመር ጸሐፊ ከነቀኑ እያስከተለ
የሚያወጣ። ስሙ “ውቀስ” ይባላል፤
ማን እንዳወጣለት እንጃ፣ የከፋው ሰው ይመስላል።

ጻፈችው። ውቀስ።
በመስመሯ ትይዩ አንድ ስም ብቅ አለ።
የኔ ስም።
ሄልዱር። መስከረም። ዓርብ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።
ትዝ አለኝ፦ ካፖርቴን ለብሼ፣ ባቡር ሊያመልጠኝ ስሮጥ፣
ያቺን ግስ ሳልመረምር እንደ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ የወረወርኳት።

ስድስት ዓመት ያ ባቡር ሲሄድና ሲመጣ፣
ግሷ እዚያው ቆማ፣ እየሳቀች በር ትከፍት ነበር፤
ስንት ሰው በሷ ገብቶ ባዶ እጁን እንደወጣ
የሚቆጥር ትእዛዝ የለንም።

ኡርቬ አልወቀሰችኝም። ወንበሯን ለቀቀችልኝ። “ጻፈው” አለች፣
“አንተው ራስህ።” ካልሲዋን ከማሞቂያው አነሣች።

ጻፍኩ፦
“ይህ ትእዛዝ ያልተመዘገበ ሥራዎን ሁሉ ያጠፋል።
አይመለስም። ከዚህ በፊት ቅጂ ያስቀምጡ።”

“በፊት”ን ከመጨረሻ አንሥታ ወደ ፊት አመጣችው፤
“ምክር ከጥፋት ኋላ ቢደርስ ለቅሶ ነው” ብላ አቃናችው፦
“አስቀድመው ቅጂ ያስቀምጡ።
ይህ ትእዛዝ ያልተመዘገበ ሥራዎን ሁሉ ያጠፋል። አይመለስም።”

አንድ መስመር በቀይ ወጣ፣ ሁለት በአረንጓዴ ገባ።
ይኸው ነው። ደወል አልተደወለ፣ ማንም አበባ ይዞ አልገባ።
ቫይኬ ምናልባት እንደገና ባሕሩ ዳር ወርዳለች፣
ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ ካንድ ትጀምራለች፤
ሽበቱ እንደሆን አይቸኩልም፣ በዓመት የጥፍር ውፍረት አያድግም፣
እሱ እንኳ ድንጋዩ ላይ አለ፤ ማንም አላጸዳውም።

ምክንያት በሚለው ቦታ “የቃላት እርማት” ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አላልኩም።
የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ጮኸ።
አልተነሣሁም።