ቤት ያልመታ ግድግዳ

ዕቃ የተካፈልን ዕለት ሚዛን አልነበረንም፤
ቡፌውን ጭኖ ወሰደ፣ ከአፌ ክፉ ቃል አልወጣኝም።
ሦስት ወዛደር ተሸክመው ደረጃውን ሲወርዱበት
መስታወቱ ሲንቀጫቀጭ እስከ ታች ድረስ ሰማሁት።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የቀረውን አየሁ፦
ዘጠኝ ዓመት ፀሐይ ያልነካው፣ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን፤
የቡፌው አለመኖር፣ በቁመቱ፣ በስፋቱ መጠን።

ሽምብጥ ነው ቤቴ፣ የኪራይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ጣና በመስኮቴ ይታያል፣ ትንሽ ብቻ፣ ከሩቅ፣
በሁለት ሕንፃ መካከል እንደተወተፈ ሰማያዊ ጨርቅ።

ስንኝ ቤት እንዲመታ ጫፉ ከጫፉ ይገጥማል፤
ቤትስ ቤት እንዲመታ ምኑ ከምኑ ይገጥማል?

ይህን ይዤ ወጣሁ፣ በደመወዝ ማግሥት፣
ከጊዮርጊስ ማዶ ወዳለው ሶፋ ቤት።
«ይህ የቱርክ ነው፣ እትዬ፤ ይህ ደግሞ የዱባይ ፋሽን፤
እግሩ ወርቅ ቅብ፣ መደገፊያው የአንበሳ ራስ፣ ቀለሙ ወይን።»
ላስቲኩን ሳልገልጥ ተቀመጥሁ፤ ጮኸ፤ ተነሣሁ።
ያምራል፣ አልዋሽም፤
ግን ሰባት ሰው ከየት አምጥቼ አስቀምጣለሁ?

እሑድ በጀልባ ወደ ዘጌ። ሞተሩ ሳል ይዞት ነበር፤
ከጎኔ አንድ ሰው ተቀምጧል፣ በጭኑ ላይ አዲስ በር።

ዲያቆኑ በረጅም ዘንግ መጋረጃውን ገለጠልኝ፤
መላእክቱ በትልልቅ ዓይን ዘወር ብለው ገላመጡኝ።
ሰው ሁሉ ሰይፉን ያያል፣ ፈረሱን፣ ዘንዶውን፤
እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የማየው ዕቃውን።
እመቤታችን ወልዳ የተኛችው በጠፍር አልጋ ነው፤
ከአራቱ እግሩ አንዱ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው፣ በገመድ የተጠገነ ነው።
ሠዓሊው ቤተ ልሔምን አላያት፤ ከየት ያምጣ?
የእናቱን አልጋ ከጓዳ አንሥቶ ሰማይ አወጣ።
ስሙን ጠየቅሁ፤ «አልጻፈም» ብሎ መለሰልኝ፤
ያ የተጠገነው እግር ፊርማው መሰለኝ።

ስመለስ፣ ከወደቡ ወዲህ፣ ደንገል ከሚታሰርበት፣
እንድሪስን፣ ታንኳ ሠሪውን፣ ነዶ በጉልበቱ ጭኖ ሲያጠብቅ አገኘሁት።
«ትንሽ ታንኳ ሥራልኝ፣» አልሁት፣ «ቁመቷ በቁመቴ፤
መጽሐፍ በሆዷ ጭና ቆማ የምትኖር በቤቴ።»

ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ጎረቤቱን ጠራው፦
«ና ስማ፣ ታንኳ ልትቆም ነው! ዓሣው ምን ሊላት ነው?»
ከዚያ ዝም አለ። አንድ ዘንግ ደንገል በመዳፉ መዘነ።
«ውሃ ላይ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፤
ቤት ከገባች ታረጃለች እንጂ የት ትሰጥማለች?»

በሳምንቱ በባጃጅ መጣች፣ ግማሿ ከደጅ ወጥታ፤
ሦስት ወዛደር በወረደበት ደረጃ
ብቻዬን አወጣኋት፣ ትከሻዬ ላይ ተኝታ።
ከነጣው አራት ማዕዘን መሐል አቆምኋት። አልሞላችውም።
ግራና ቀኙ ተረፈ። ልሸፍነው አልፈለግሁም።

ቤቱ ሐይቅ ሐይቅ ሸተተ፣ ያልደረቀ ሣር፣ ጭቃ፤
ማታ ማታ ደንገሉ ሲደርቅ ቀጭ ይላል፣ ሰው እንደሚነቃ።
ወንበር ገና የለኝም። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።
ቤት ይምታ፣ አይምታ፣ አላውቅም፤ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ።

ትናንት ኤልዳና፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ስድስት ዓመት የሞላት፣
በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ታንኳዋን ጠጋ ብላ አየቻት፤
ከላይ እስከ ታች ለካች፣ ጣቷን በገመዱ ሰደደች፤
«መቅዘፊያዋስ?» አለች።