ቋጠሮው ጀርባ ላይ ነው

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ በሶክቾ ወደብ ዳር፣
ጀልባ ሲያጓራ ነው ሥራዬ የሚጀምር፤
በረዶ እፈልጣለሁ እንደ ጥርብ ድንጋይ
ለስኩዊድ አጥማጆች፣ ለሚወጡ ባሕር ላይ።

ሃምሳ ሦስት ሞልቶኛል፤ የግራ ጉልበቴ
ደረጃ ላይ ያማኛል እንደ ክፉ ጎረቤቴ፤
ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ «ይቺ ሴትዮ አርጅታለች» ይላል።
ይበል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ግን ይሰማል፣
ከመረብ ጠጋኞቹ ሱቅ በላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ከሰማያዊው ምንጣፍ፣ የእኔም ጩኸት ሲያንባርቅ።

ዶቦኬ ነጭ ነው፤ ቀበቶዬ አረንጓዴ፤
ሁለት ዓመት ቢፈጅብኝ፣ ቢቆጥሩት ምን ግዴ!
አብረውኝ የሚሰለፉት የፊት ጥርሳቸው የወለቀ፣
አንዱማ ሲራገጥ ሱሪው ከወገቡ የወደቀ።

ማስተር ፒዮ ቃል ቆጣቢ ነው፤ ይዞ የቀርከሃ ዘንግ
ወለሉን ኳ ሲያደርገው ጸጥ ይላል መላው ዶጃንግ።
«ርግጫ ከእግር አይመጣም፤ ከዳሌ ነው የሚወለድ፤
ዳሌሽ ካልዞረ በር ማንኳኳት ነው፣ ለልመና እንደ መሄድ።»

እረግጣለሁ። መቶ በቀኝ፣ መቶ በግራ።
ላቤ ካገጬ ጠብ ሲል እረሳለሁ የቀን ሥራ፤
በረዶ ሲዳብስ የዋለ፣ ደንዝዞ የከረመ ጣት
እዚህ ነው የሚመለስለት የገዛ ራሱ ሙቀት።

ከዚያ ፍልሚያ።
ጋሻው ደረት ላይ ቢውልም ቋጠሮው ጀርባ ላይ፣
ለራስ የማይታሰር፣ ለራስ ዓይን የማይታይ፤
ተጋጣሚሽ ነው የሚያስርልሽ፤ እግሩ ሊያደቅሽ የመጣ፣
እጁ ግን ክርሽን ይስባል፣ ጎድንሽ እንዳይቆጣ።

የእኔ ተጋጣሚ ሶዳም ናት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፤
ክንዷ ሸንበቆ፣ እግሯ ግን እንደ ተበጠሰ የጀልባ ገመድ የሚፈጅ።
አባቷ ደንበኛዬ ነው፤ በረዶ በዱቤ የሚወስድ፣
ሲያየኝም ዕዳው ትዝ ብሎት በሌላ መንገድ የሚሄድ።

«ሺጃክ!»
ስንት ሳምንት አልነካኋትም፤ ልጅቷ እንደ ጉም፣
ደረስኩባት ስል የለችም፣ ስዞር ካጠገቤ አትጠፋም።
ዛሬ ግን እግሬ ተነሣ፤ ዳሌዬ ቀደመ፣
ርግጫዬ ደረቷ ላይ «ጧ!» ብሎ ታተመ።
ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ያ ሱሪው የወደቀው ዘለለ፤
ሃምሳ ሦስቱም ዓመቴ ለአንድ ትንፋሽ ተጠቀለለ።

ከዚያ አየሁ። ክንዷን።
መመከት ሲገባው ወርዷል፤
በር ክፍት ትቶ እንደሚተኛ ሰው፣ ሆን ብሎ ፈቅዷል።

«አባትሽ ነው ያለሽ?» አልኳት። ከንፈሯን ነክሳ ዝም።
«ዕዳ በገንዘብ እንጂ በደረት አይከፈልም፤
እኔ በረዶ የምሸጠው በሚዛን ነው፤ አንቺም በሚዛን ስጪኝ፤
አትዘኚልኝ፣ ልጄ፤ ምቺኝ!»

ማስተር ፒዮ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ፤
«ሺጃክ» አለ፣ በለሆሳስ። ክፍሉን ዝምታ ወረሰ።

መጣች። እግሯ ሲነሣ ዓይኔ አላየም ከቶ፤
ያየሁት ጣሪያውን ነው፣ በጨው አየር ነጥቶ።
ትንፋሼ ከየት ይምጣ! እግሯ አላዳላም፤
እጇ ያሰረው ቋጠሮም አልላላም።

እንደ ተንጋለልኩ ሳቅሁ፣ እንደ በረዶ ስንጥቅ፤
ሶዳም ደንግጣ ቆማ፣ ኋላ አፏን በጓንቷ ይዛ ስትስቅ።
እጅ ተነሣሣን። ጀርባዬን ሰጠኋት።
«አመመሽ፣ እትዬ ቻንሱክ?» አለች ክሬን እየፈታች።
«በደንብ» አልኳት። እፎይ አለች።

ሌሊት አባቷ መጣ። ጎኔን ይዤ፣ በክንዴ አቅፌ፣
«ዕዳህ እንዳለ ነው» አልኩት፣ አካፋዬን ተደግፌ።
«ልጅህ ግን የራሷን ከፍላለች» ብዬ ሚዛኑን ጫንኩለት፤
አልቀነስኩም ከበረዶው፤ ግራምም አልጨመርኩለት።