ስድስት ሰዓት ከሃያ

ከፔዳ ግቢ ጀርባ፣ ዓባይ ጣናን በሚለይበት፣
አንድ ጠባብ ቤት አለ፣ ብረት የማይገባበት፤
ምስማሩ የነሐስ ነው፣ በሩም የጽድ እንጨት።
ቁልፌንና ስልኬን፣ የፀጉሬን ሽቦ ሳይቀር፣
ደጅ ላይ አራግፌ ነው የምገባው ለማደር።

ውስጡ ያለው ዕቃ ከጫማ ሳጥን አይበልጥ፤
የመዳብ ጥቅል ነው፣ በዝምታ የሚያደምጥ።
የሚያደምጠው ደግሞ የምድርን ማግኔት ነው፣
ሌላ አገር ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚወጋው፤
እኛ ዘንድ ግን አይዘቅጥም፣ አይነሣም ቀጥ ብሎ፤
ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋል፣
እንደ ታጨደ ደንገል ጋደም ብሎ።

ጋሽ አንማው ዘበኛው ጠመንጃ አንግቶ ሲያልፍ
መስመሩ ጉብ ይላል፤ እኔም በመዝገቡ ጫፍ
«ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ አንማው» ብዬ እጽፋለሁ፤
«አራት ሰዓት፣ አንማው» ደግሞ እቀጥላለሁ።
እሱ ይህን አያውቅ፣ ስሙ ለሳይንስ መትረፉን፤
የሚያውቀው ጉማሬ ነው፣ ሣር ሊግጥ አጥር ማለፉን።

ትናንት ሌሊት ግን፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ፣
መስመሩ ተነሣ፤
ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣
በደቂቃ አንድ ጊዜ፣
ለትንፋሽ ብቅ እንደሚል ጉማሬ፣
ሳይቸኩል፣ ሳይቆጣ።
ብዕሬ ቀድሞኝ «አንማው» ብሎ ጻፈ።
በመስኮት ጮህኩ፦ «ጋሽ አንማው፣ ኧረ ከዚያ ራቅ በል!»
ከሩቅ፣ ከዋርካው ሥር፣ ድምፁ መጣ፦
«ተቀምጫለሁ እኮ! መቀመጥም ይከለከላል?»

ታዲያ ማን ነው ያለፈ?

ከዚህ እስከ ጨረቃ ካለው መንገድ ሲሶው ላይ
ምድር ጅራት አላት፣ ለዐይን የማይታይ።
የፀሐይ ነፋስ ነው የጎተተው፣ ያቀጠነው፣
እንደ ወንጭፍ ጠፍር የወጠረው።
ተወጠረ፣ ተወጠረ፣
ትናንት ሌሊት ጧ አለ፤
ተበጥሶም አልቀረ፣ ጫፍ ከጫፍ ተቋጠረ፤
ያጠረውም ክር ወደ እኛ ተስፈነጠረ፣
ፕላዝማውን ተሸክሞ።
ጋዝ ነው እንዳትሉት፣ ኤሌክትሮኑ ተገንጥሏል፤
እሳት ነው እንዳትሉት፣ ከባዶነት ይሳሳል።

በነሐሴ ግልገል ዓባይ፣ ጭቃውን ተሸክሞ፣
እየደነፋ መጥቶ፣ ሐይቁ ደጅ ላይ ቆሞ፣
መሄጃ እንደሚያጣ፣
ያም ጎርፍ ምድር ሲቃረብ
ጠንካራ ማግኔት ገጠመውና ቆመ።
እሱ ቆመ እንጂ መንቀጥቀጡ አልቆመ፤
ማዕበል ሆኖ፣ በክሮቹ ላይ፣
ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ተመመ።
ኤሌክትሮኖች በማዕበሉ ጀርባ ተፈናጠጡ፤
ሰሜን ጫፍ፣ ስሱ አየር ላይ፣ እንደ ጠጠር ፈሰሱ፤
ኦክስጅኑም ሲነካ አረንጓዴ ጮኸ፣
ከአናቱ ቀይ፣ ከእግሩ ሥር ሐምራዊ።

እዚያ ያሉ ሰዎች፣ በረዶ ላይ ቆመው፣
መጋረጃው ሄደ፣ ተጠቀለለ፣ ሮጠ ይላሉ።
እኔ ግን ደንገል ውስጥ ያደግሁ ነኝ፦
ነፋስ ሲነሣ ደንገሉ ሁሉ
ወደ ዘጌ የሚሮጥ ይመስላል፤
ጠዋት ብትሄዱ አንድም አገዳ ከቦታው የለቀቀ የለም።
የሚሄደው ሌላ ነው፣ የሚበራው ሌላ።

አላየሁትም።
በኛ ሰማይ ላይ ያው ኮከብ ነበር፣
ሐይቁ ላይ ያው የአሣ አጥማጅ ፋኖስ፣
መስኮቱ ላይ የትንኝ መንጋ።

ጋሽ አንማው መጣ፣ ጠመንጃውን ዋርካው ላይ ሰቅሎ።
«ምን አየሽ?»
«ምንም።»
«እና ምን ያስጮህሻል?»
ስክሪኑን ዞር አድርጌ ያቺን ሞገድ አሳየሁት፤
ዝም ብሎ አያት፣
የማያስታውሰው የራሱ ፎቶ ይመስል፤
«ሳልነቃነቅ?» አለ።

በቀለም ተጽፏልና ስሙን አልሰረዝኩትም።
መዝገቡ ዛሬም እንዲህ ይላል፦
ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ አንማው፤
ከጎኑ፣ በእርሳስ፣
ተቀምጦ።